ዛሬ አዱኛ እንዴት አደረች?

አምቦ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለሶዳዬ፣ ለባለቤቴ ወንድም፣ ለወንጌላዊ ጋዲሳ ጉዩ
ናይሮቢ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በእግሬ እሄዳለሁ፣ በራሴ ጥርስ እበላለሁ። ልጄ ለንሳ ሸነን ጤና ጣቢያ ሥራዋ ላይ ናት፣ ደህና ናት። ሰላምታ አልላከችም፤ እንደምጽፍልህ አልነገርኳትም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። መሠረተ ትምህርት ያስቆጠረኝን ፊደል እስካሁን አልረሳሁም። በኦሮምኛ እንዳልጽፍልህ ቁቤ የሚሉት የላቲን ፊደል የልጆቹ ነው፣ እኔ አላውቀውም። አማርኛዬ ቢንሻፈፍ ሳቅ፣ ሌላ ምን ሥራ አለህ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እህትህ፣ ባለቤቴ፣ ጊንጪ ከእናቷ አጠገብ ቅበሩኝ ብላ ተናዝዛ ነበርና በሰኔ እንደ ቃሏ አደረግሁ። አምቦ ቀብሬያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንንም አልለምንም ነበር። አሁን የመቃብር ድንጋይ አሠርቻለሁ። ከዚሁ ከአምቦ ድንጋይ ነው፣ ጠራቢው ከድሮ የሚባል ሰው ነው። እስላም ነው፣ ከደቡብ የመጣ ነው፣ ግን እጁ አይዋሽም። ድንጋዩ ላይ አንድ ቃል ብቻ አስቀርጫለሁ። «አዱኛ» ይላል። ስሟ ነው።

ድንጋዩን በአይሱዙ ጭኜ ጊንጪ ስደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በር ላይ አቆሙኝ። «ኦቦ ተሬፋ፣ ይህ ቦታ የጉዩ ቤተሰብ ነው። ከጉዩ ልጆች የቀረው ጋዲሳ ነው። እሱ ፈቅጃለሁ ብሎ ይጻፍ» አሉኝ። እሷን ያኖርኳት እኔ፣ ያስታመምኳት እኔ፣ የምትፈቅደው አንተ! ድንጋዬን ጭኜ ተመለስኩ። መናኸሪያ የቆመ ሰው ሁሉ የመቃብር ድንጋይ ይዞ የሚመለስ ሽማግሌ አየ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

ስለዚህ አንድ መስመር ጻፍልኝ። «ፈቅጃለሁ» በልና ፈርም። ሌላ ነገር ከአንተ አልሻም። በእህቱ ቀብር ላይ ያልቆመ ሰው ብዙ አይጠየቅም።

ዋቃ ይጠብቅህ።

ተሬፋ ሞቲ

---

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለኦቦ ተሬፋ ሞቲ

የጌታችን ጸጋና ሰላም በቤትዎ ይብዛ። ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። በዚህ ዕድሜዎ በእጅዎ መጻፍዎ የሚያስመሰግን ነው። ፊደሉ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ያስቀረጹት ቃል ነው።

እህቴ ጥሩነሽ ጉዩ ትባላለች። አባታችን ያወጣላት፣ የተጠመቀችበት፣ እናታችን እስክትሞት የጠራቻት በዚህ ስም ነው። በአባታችን ቦታ፣ በእናታችን ጎን፣ በሌላ ስም ልትተኛ አይገባም። አንደኛው ምክንያቴ ይህ ነው።

ሁለተኛው ራሱ ቃሉ ነው። አዱኛ ምን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ሰው ከብቱ ሲረባ፣ ጎተራው ሲሞላ አዱኛ ገባለት ይባላል። ሲያጣ አዱኛ ከዳችው ይባላል። ዛሬ ከአንዱ ደጅ ነገ ከሌላው ደጅ የምትታይ፣ ብል የሚበላት፣ ማንም መቃብር ድረስ ይዟት የማይሄድ ናት። አማኝ ሲሞት እሷን ጥሎ ነው የሚሄደው። ታዲያ ጥላው የሄደችውን ነገር ደረቷ ላይ ይጭኑባታል? በለንሳ ሠርግ ይህንኑ ብሰብክ ከደጅዎ እንዳስወጡኝ አልዘነጋሁም። ዛሬም የማስተምረው ያንኑ ነው።

«ጥሩነሽ ጉዩ፣ በጌታ አረፈች» የሚል ድንጋይ ከሆነ ፈቃዴን ዛሬውኑ እልካለሁ። የተቀረጸውን አስፍቀው ይህን ያስጽፉ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ ሳይቆጡ ይመልሱልኝ። ሆስፒታል ሲያስገቧት በማን ስም አስመዘገቧት?

ጌታ ያጽናዎት።

ጋዲሳ ጉዩ

---

አምቦ፣ የካቲት 11 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለጋዲሳ ጉዩ

ጤና ለአንተም ለቤትህም ይሁን። ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሁለት ቅጠል ሙሉ ነው፤ የጠየቅሁህ አንድ መስመር ነበር።

አዱኛን ልታስተምረኝ ነው? ግድ የለም፣ ተማሪው እኔ ልሁን። ከብት ነው አልክ፣ ጎተራ ነው አልክ። ይህን የሚለው ከብትና ጎተራ ያለው ሰው ነው። እህትህ እኛ ቤት ስትገባ የነበረን አንድ አንካሳ በሬ ነው። እናቴ ለዚያ በሬ ብላ ይህን ስም አላወጣችም።

ሙሽራ ስትገባ አማት ስም ታወጣለች። የአገሩ ወግ ነው። የአንተም እናት ለሚስትህ አውጥታላታለች፣ ናይሮቢ ካላስረሳህ በቀር። እናቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ነበር። የእህትህን ፊት በሁለት እጇ ዳሰሰች። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። ቅቤ ቀባቻትና እንዲህ አለች፦ «ሰማይም፣ ምድርም፣ በመሃሉ ያለውም ሁሉ አዱኛ ነው። እኔ አጥቼዋለሁ። ከዛሬ ወዲህ አዱኛዬ አንቺ ነሽ። እያየሽ ንገሪኝ።» የተናገረችው በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ቀጠነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እናቴ መደቡ ላይ ሆና «ዛሬ አዱኛ እንዴት አደረች?» ትላለች። ሚስቴ በሩን ከፍታ ትወጣለች፣ ታያለች፣ ተመልሳ ትነግራታለች። «የወንጪ ተራራ ጉም ለብሷል። ሁሉቃ ወንዝ ደፍርሷል፣ ከላይ በምንጩ በኩል ዘንቦ አድሯል። የጎረቤታችን የድንቅቱ አውራ ዶሮ አጥራችንን ዘሎ ጎመኑን እየበላ ነው። አንዲት ኮከብ ደግሞ እስካሁን አልገባችም፣ መንገድ ጠፍቷት ነው መሰለኝ።» እናቴ እስከ መጨረሻው ታዳምጥና «ጋሪ፣ መልካም ነው፣ ሁሉም በቦታው ነው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው ቁርስ የሚበላው።

አየህ፣ እኛ ቤት አዱኛ ይህ ነው። ከኮከቧ እስከ ዶሮው። የአንተ አዱኛ ጎተራ ውስጥ ይገባል፤ የእናቴ አዱኛ ጎተራውን ራሱን ከነባለቤቱ ይይዛል።

እናቴ ከሞተች በኋላም ሚስቴ አልተወችውም። ለእኔ ትነግረኝ ነበር። «እኔ እኮ ዓይን አለኝ» ስላት «አንተ ታያለህ እንጂ ልብ አትልም» ትለኝ ነበር። ከሰኔ ወዲህ የነገረኝ ሰው የለም።

ድንጋይ ጠራቢው ከድሮም እንደ አንተ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር። መዶሻውን ይዞ ቆመና፣ «ኦቦ ተሬፋ፣ እኛ ዘንድ ዱንያ እንላታለን። ቅርቢቱ ማለት ናት ይላሉ ሼኾቹ። ሩቂቱ የሞትን ዕለት የምንሄድባት ናት። መቃብር ላይ ቅርቢቱን መጻፍ አይከብድም?» አለኝ። «አንተ ቅረጽ» አልኩት። ቀረጸ። እሱ እንኳ ሃይማኖቱ ሌላ ሆኖ ቀረጸልኝ።

ሠርጉን አነሳህ። የሙሽራዋ እናት ፊት ለፊትህ ተቀምጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ አዱኛ ብሎ እንደሚጠራት እያወቅህ፣ «አዱኛ አታላይ ናት! አዱኛ ከዳተኛ ናት!» ብለህ ስትጮህ ዋልክ። ድንኳኑ ሳቀ። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከደጄ ያስወጣሁህ ለስብከትህ አይደለም፣ ለዚያች ነጠላ ነው። አሁንም ደጄን እንዳትረግጥ።

ስለ መዝገቡ ጠይቀሃል። ፖሊስ ነህ? በስሟ ነዋ ያስመዘገብኳት! ጸሐፊው «የአባት ስም» ሲለኝ «ሞቲ» አልኩት። እናቴ ልጄ ናት ካለቻት አባቷ አባቴ ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና «እርስዎ ተሬፋ ሞቲ፣ እሷ አዱኛ ሞቲ። እህትዎን ነው ያገቡት?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፣ እሷም በዚያ ሕመሟ ላይ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስትስቅ አላየሁም። ይኸው መልሱ። ምን ትሠራበታለህ?

ፊርማህን ላክ።

ተሬፋ ሞቲ

---

አምቦ፣ ግንቦት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለጋዲሳ

እንደምን አለህ። ዝም አልክ። ናይሮቢ ቀለም አልቋል?

ድንጋዩ ግቢዬ ውስጥ ጋደም ብሏል። ጎረቤቴ ድንቅቱ ስንዴ ታሰጣበታለች። ተቆጣሁ፣ «ታዲያ መቃብሯ ላይ አኑረው፣ እኔ ምን ላድርግህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዶሮዎቿ ስሟ ላይ ቆመው ይለቅማሉ። ክረምት እየገባ ነው። የጊንጪ አፈር ውሃ ይይዛል፣ ያለ ድንጋይ ሁለተኛ ክረምት ከገባባት መቃብሩ ይሰምጣል። ይህ የስብከት ጉዳይ አይደለም፣ የጭቃ ጉዳይ ነው።

እምቢ ካልክም እምቢ በል። ዝምታ የወንድ መልስ አይደለም።

ተሬፋ ሞቲ

---

ናይሮቢ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

አቶ ተሬፋ

ሰላም ለቤትህ። ከዚህ የረዘመ ሰላምታ ልጽፍ ሞክሬ ወረቀቱን ደጋግሜ ቀደድኩት።

«ምን ትሠራበታለህ» ብለኸኛል። ልንገርህ።

ለንሳ ከሸነን ደውላ «እማዬ ጠንቶባታል፣ እኔም ነገ እሄዳለሁ» ስትለኝ ባገኘሁት አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት አምቦ ገባሁ። በመጀመሪያ የመጣሁት አንተ ደጅ ነው። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤት አልጠየቅሁም፤ ደጄን አትርገጥ የተባለ ሰው አጥር ላይ ቆሞ ምን ብሎ ይጠይቃል? ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። «ጥሩነሽ ጉዩ» አልኩ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለበጠና «የለችም» አለኝ። «ጥሩነሽ! ጥሩነሽ ጉዩ፣ የጊንጪዋ!» ብዬ ጮኽሁ። ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አባቴ፣ የለችም አልኩዎት እኮ። የከበደባቸው አዲስ አበባ ይላካሉ፣ እዚያ ይፈልጓት» አለኝ። ሰውየው መዝገቡ ላይ ያላየውን ነው የለም ያለው፣ አልዋሸም። አመስግኜው ወጣሁ። አመስግኜው!

እሑድና ሰኞ አዲስ አበባ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስዞር ነበርኩ። ማክሰኞ ጊንጪ ላለ ዘመድ ብደውል «አሁን ቀብረናት መግባታችን ነው» አለኝ። ስደርስ ሰው ተበትኗል። የለቅሶው ድንኳን አምቦ አንተ ደጅ ነው የተተከለው። ብቻዬን አፈሩን ዳስሼ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ለምን አጣኋት?» እያልኩ ነበር፣ አንተ እስክትነግረኝ። እህቴ ከአንዲት ግድግዳ ማዶ፣ በሌላ ስም፣ በሌላ ሰው አባት ስም ተኝታ ነበር።

በግቢህ ምን እንደምትሏት አውቅ ነበር። የአማት ስም የግቢ ስም ነው፣ ከአጥር አይወጣም። የመንግሥት መዝገብ ላይ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? ከአንተ በቀር ማን ያደርገዋል? አባቷን ሳይቀር ነጠቅሃት።

አዱኛ ሰማይና ምድር፣ በመሃሉ ያለው ሁሉ ነው ትለኛለህ። እንግዲያው እወቀው፣ እንዲህ ሰፊ ነገር ውስጥ ሰው ይጠፋል። እኔ ሰማይና ምድር አልፈለግሁም። አንዲት ሴት ነበር የፈለግሁት።

አልፈርምም። እኔ በሕይወት እያለሁ ያ ቃል በእናቴ ጎን ፊቱን ለሰማይ አያሳይም። ለሽማግሌዎቹም ቃል በቃል እንዲሁ ጽፌላቸዋለሁ።

ጋዲሳ ጉዩ

---

አምቦ፣ ኅዳር 21 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለሶዳዬ ለጋዲሳ ጉዩ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ? «አቶ» ብለኸኛል፣ «አንተ» ብለኸኛል። አይቻለሁ። ሶዳ ተፈርቶ ተከብሮ የሚኖር ዘመድ ነበር፣ አንተ ዘንድ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ ዘንድ አልቀረም፤ ከላይ እንዳየኸው ሶዳዬ ብዬ ነው የጻፍኩት።

መልሱ የዘገየው ስለረታኸኝ እንዳይመስልህ። ደብዳቤህን ለማንም አላሳየሁም፣ ለለንሳም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ እንደፈለግህ አድርገው። ያን ቅዳሜ ከሰዓት እህትህ ዓይኗን ከድና ተኝታ ነበር። ድንገት ቀና አለችና «ጋዲሳ መጥቷል» አለችኝ። «ትኩሳቱ ነው፣ ተኚ» አልኳት። «አይደለም፣ ኮሪደሩ ላይ እየጮኸ ነው። እንደ ሰባኪ የሚጮህ ሌላ ማን አለ?» አለች። ተነስቼ አልወጣሁም። ደጄን አትርገጥ ያልኩት ሰው በእግሩ ይመጣል ብዬ ከየት ልገምት? ሲመሻሽ ላጫውታት ብዬ «ዛሬ አዱኛ እንዴት ዋለች?» አልኳት። መስኮቱን እንኳ አላየችም። «ጋዲሳ መጥቷል» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ስለ ሰማዩም አልነገረችኝ፣ ስለ ዝናቡም። የዚያን ቀን ዜናዋ አንተ ብቻ ነበርክ።

እንግዲህ አጣኋት አትበል። ሰምታሃለች። ይህን የጻፍኩት ይቅርታ ልለምንህ አይደለም። የአንተ ስለሆነ ነው። የሰው ነገር ቤቴ አላስቀምጥም።

አሁን ወደ ድንጋዩ። «ፊቱን ለሰማይ አያሳይም» ብለሃል። ሽማግሌዎቹም ወረቀትህን እያጣቀሱ ይህንኑ ነገሩኝ። መልካም። ባለፈው ሳምንት ከድሮን ይዤ ድንጋዩን ጊንጪ ወሰድኩት። ጽሑፉን ወደ ታች ደፍተን አኖርነው። ሽማግሌዎቹ ዞረው ዞረው አዩት፣ የሚያነቡት አጡ። አንዱ «ኦቦ ተሬፋ፣ እንዲህ ተደፍቶ ለማን ይነበባል?» አለኝ። ከድሮ ከእኔ ቀደመና «አባባ፣ ደብዳቤ የሚከፈተው በተላከለት ሰው ነው» አለው። ሽማግሌው ወረቀትህን እንደገና አየ። የተከለከለ ነገር አላገኘበትም።

ከድሮ ቅርቢቱ ናት ብሎኝ አልነበር? እኔም ቃሏን ወደ እሷ አቀረብኩት። ከሰማይም ከአንተም ተሰውሯል። አሸንፈሃል፣ በል ደስ ይበልህ።

ላይኛው ፊት ባዶ ነው። ከድሮ አለስልሶታል፣ እጅ ሲያርፍበት እንደ ዱቄት ነው። «ጥሩነሽ ጉዩ» የሚለውን ግን እኔ አላስጽፍም። እኔ ጥሩነሽ የምትባል ሴት አላውቅም። የምታውቃት አንተ ነህ። ልጅ ሆና እንዴት እንደነበረች፣ በምን እንደምታለቅስ፣ ማንን እንደምትፈራ የምታውቀው አንተ ነህ። መጥተህ በዓይንህ እያየህ አስቀርጽ። በደብዳቤ የሚሆን ነገር አይደለም። ከድሮን የድንጋዩ ብናኝ ሳል አስጀምሮታል፣ ብዙ አትዘግይ።

ዛሬ ጠዋት በሩን ከፍቼ ራሴ ወጣሁና አየሁ። ወንጪ ጥርት ብሏል፣ አናቱ ላይ ቁራጭ ጉም የለም። ሁሉቃ ጎድሏል። ድንቅቱ አውራ ዶሮዋን ሸጠችው፣ ጎመኑ አምሮበታል። ኮከቧን ፈለግሁ፣ ወይ ገብታለች ወይ የቱ ጋ እንደምትቆም አላውቅም። ሁሉም በቦታው ነው ብዬ ልጽፍልህ አልችልም፣ ውሸት ይሆንብኛል።

ደጄን አትርገጥ ያልኩትን አልሻርኩም። የተናገርኩትን መሻር አልለመድኩም። ግን ከቤት ስወጣ ቁልፉን የማኖረው ድንቅቱ ጋ ነው። አጥሯ ሰማያዊ ነው፣ ከእኔ በር ቀጥሎ። ለማን እንደምትሰጥ አልነገርኳትም፤ የጠየቀ ሰው ይሰጠዋል።

ተሬፋ ሞቲ